አንቺ ያለኝ ድምፅ

አባቴ ከተቀበረ በኋላ ለወራት በስልክ አናግሬዋለሁ። «እንዴት ነህ አባዬ?» ብዬዋለሁ፤ «ደህና ነኝ» ብሎኛል። «ትምህርቱ እንዴት ነው?» ብሎኛል፤ «ጥሩ ነው» ብዬዋለሁ። ስልኩን ዘግቼ ደስ እያለኝ ወደ መኝታ ክፍሌ የተመለስኩበት ቀን እንኳ አለ። ይህ ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም የሻገተ ነገር የቀመስኩ ይመስል ያቅለሸልሸኛል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። በሰማንያዎቹ ማብቂያ አካባቢ የሕግ ተማሪ ነበርኩ። ከዲግሪው ዓመታት አንዱን ውጭ አገር የሚያስጠና ዕድል መጣ፤ ለአንድ ተማሪ ብቻ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መጀመሪያ የተረቀቀው በፈረንሳይኛ ስለሆነ፣ ፈረንሳይ ሄዶ ከምንጩ የሚያነብ ሰው ይፈለጋል ተባለ። እኔ ደግሞ ፈረንሳይኛን ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬዋለሁ። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። አንድ ዓመት እዚያ እማራለሁ፣ እመለሳለሁ፣ የመጨረሻውን ዓመት እዚሁ ጨርሼ እመረቃለሁ። ነገሩ ይኼው ነበር።

ሰፈራችን ግን ይኼን መስማት አልፈለገም። ቤታችን ቦሌ ነው፤ ከአየር ማረፊያው አጥር ብዙም የማይርቅ፣ ዝናብ ሲጥል ጭቃው ጫማ የሚነጥቅ ሰፈር። አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬ ይቋረጣል፤ ካለፈ በኋላ ወሬው ስለ አውሮፕላኑ ይሆናል። ማን ወጣ፣ ማን ሊወጣ ነው፣ የማን ልጅ ቪዛ ተከለከለ። እዚያ ሰፈር መሄድ የሚባል ነገር አለ፤ ሄዶ መመለስ የሚባል ግን የለም። «ለአንድ ዓመት ነው፣ እመለሳለሁ» ባልኩ ቁጥር ይጠቅሱኛል። አንዲት ጎረቤታችን ክንዴን ጨብጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣ «ጎሽ! እንደሱ በያቸው፤ ማንም እንዳይጠረጥር» አለችኝ። ዩኒቨርሲቲውን እየሸወድኩት መስሏታል።

የሽኝቱ ድግስማ አይነሳ። ከዚያ በፊት ስሜን በቅጡ የማይጠሩ ዘመዶች ሁሉ ተሰበሰቡ። አንዱ የአክስት ባል ጥሬ ሥጋውን እያላመጠ፣ አዋዜው አገጩ ላይ እየወረደ፣ «እንደደረስሽ አግቢና ወረቀትሽን ጨርሺ» ብሎ ለእኔ ለሕግ ተማሪዋ የሕግ ምክር ሰጠኝ። ሌላዋ ልጇን እየገፋች አምጥታ፣ «እዪው፣ መልኩን ያዢው፤ ወደፊት ትጎትቺዋለሽ» አለችኝ። ልጁም እኔም አፈርን። ሰው አልነበርኩም፤ ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል ነበርኩ። የዚያን ዕለት የጀመረኝ መጸየፍ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም።

ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል «ሄደህ ና» ያለኝ አባቴ ብቻ ነበር። «ና» ነው ያለኝ፣ «ነይ» አላለኝም። አባቴ ከሕፃንነቴ ጀምሮ «አንተ» ነው የሚለኝ። ሴት ልጁን ሲያቆላምጥ አንተ የሚል አባት ሞልቷል፤ ስታድግ ግን ይተወዋል። እሱ አልተወውም። ከሥራ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው «አንተ፣ በላህ?» ነበረች። እኔም እሱን አንተ፣ እሱም እኔን አንተ። እናቴ «ልጅቱን ወንድ አደረጋት» እያለች ትስቅብን ነበር።

አንቺ የሚለኝ ሲቆጣ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ ከትምህርት ቤት ቀርቼ «እዚያው ዋልኩ» ብዬ ዋሸሁት። «አንቺ፣ ነይ ወዲህ» አለኝ። አልመታኝም፣ አልጮኸብኝም፤ እስኪበርድለት ድረስ ግን አንቺ እያለኝ ሰነበተ። ከዱላ የባሰ ነበር። አንድ ጠዋት ከመቀመጫው ቀና ብሎ «አንተ፣ በላህ?» ሲለኝ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

አባቴ አየር ማረፊያው ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ አውሮፕላን የሚያርፍበትን መንገድ መብራት ከሚጠግኑት ሰዎች አንዱ። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቡልቡላ በኩል ይዞኝ ይወጣል። አሁን ኮንዶሚኒየም የቆመበት ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር። ከማሳው ዳር ቆመን፣ አመሻሽ ላይ መብራቶቹ ሲበሩ እናያለን፤ ከመሀላቸው አንዱ ካልበራ አባቴ ምላሱን ይመታል። ልሄድ ሰሞን እዚያው ቆመን የራሱን ታሪክ ነገረኝ። እኔ ሳልወለድ ለሥልጠና ውጭ አገር ልከውት ነበር። እዚያ እያለ እናቱ ሞተች። እንደ አገሩ ወግ ማንም አልነገረውም፤ መርዶ ለመንገደኛ አይነገርም፣ ይደበቃል። ሲመለስ ለእናቱ የገዛው ሻርፕ ሻንጣው ውስጥ ነበር። «ለሞተች ሴት ሻርፕ ተሸክሜ ጉምሩክ አለፍኩ» አለኝ። አባቴ ያን ያህል ሲጸየፍ አይቼው አላውቅም ነበር።

«እኛ ቤት እንዲህ አይደረግም» አለኝ። «እኔ ብሆን፣ እናትህ ብትሆን፣ በዕለቱ ይነገርሃል። መምጣት አለመምጣት የአንተ ፈንታ ነው።»

የውል ሕግ ከተማርኩ ገና ብዙ ስላልቆየሁ ቀልድ አማረኝ። «አንተ ሐሳብ አቅርበሃል፣ እኔ ተቀብያለሁ። እንግዲህ ውል ሆነ» አልኩት።

«ውል ነው» አለና እጁን ዘረጋልኝ። ተጨባበጥን። ያንን እጅ አምኜ ነው የሄድኩት።

የሄድኩበት ከተማ በደቡብ ፈረንሳይ ነው፤ ፖስት ካርድ ላይ ያምራል። እኔ የማስታውሰው የተማሪዎቹን የጋራ ማቀዝቀዣ ነው። ሲከፈት እግር እግር የሚሸት አይብ፣ ከሥሩ ደግሞ የእኔ ምስር። አንዱ ፕሮፌሰር ለሰው ሁሉ ሲያስተዋውቀኝ «ሕጓን ከእኛ የወሰደች አገር ልጅ» ይለኝ ነበር፤ ራሴን ሊደባብሰኝ ምንም አይቀረው። ፈገግ እላለሁ፣ ቤቴ ስገባ ፊቴን እታጠባለሁ።

ትምህርቱ ራሱ ግን ይጥመኝ ነበር። ሕጉን በፈረንሳይኛና በአማርኛ ጎን ለጎን ዘርግቼ የት የት እንደሚለያዩ እፈልጋለሁ። «ቅን ልቦና» የሚለው ቃል ላይ ብዙ ቆየሁ። ፈረንሳይኛው «መልካም እምነት» እንደማለት ነው፤ የእኛ ሰዎች ወደ ልብ አመጡት። ተንኮል ሳያስብ ያደረገ ሰው፣ ቢያጠፋ እንኳ፣ በቅን ልቦና አደረገው ይባልለታል። ያኔ ቃሉ የኩራት ያህል ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ስለሱ የጻፍኩት ወረቀት ጥሩ ውጤት አመጣልኝ።

እሁድ እሁድ በካርድ ከሚሠራው የመንገድ ስልክ ወደ ቤት እደውላለሁ። አባቴ ያነሳዋል። «አንተ! በላህ?» ድምፁ ሄዶ ተመልሶ ይመጣል፤ «በላህ... በላህ...» ያን ካርድ የምገዛው ለዚህ ነበር።

ከገና በኋላ አንድ ቀን ፕሮፌሰሩ ጠራኝና፣ ከፈለግኩ ዓመቱ ሲያልቅ እዚያው ቆይቼ መቀጠል እንደምችል ነገረኝ። ሰፈሬ የተነበየው ሊደርስ ነው። ለአባቴ ነገርኩት። «እስቲ አስብበት» አለኝ። «አንተ ታውቃለህ።» ድምፁ ደከም ያለ መሰለኝ፤ መስመሩ ነው ብዬ አለፍኩት።

በሚቀጥለው እሁድ ስልኩን ያነሳችው እናቴ ናት። አባቴ ጠበል ሄዷል አለችኝ። አባቴ ደህናውን ሰው ጠበል የሚያስኬድ ነገር የለም ባይ ነበር፤ ግን እናቴ ጎትታው ይሆናል አልኩ። በሚቀጥለውም ጠበል ነው። ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ነበር፣ አሁን ለቅሶ ቤት ሄደ። ከዚያ እኔ መጨቅጨቅ ስጀምር እናቴ «ቆይ፣ እዚህ ነው፣ ላገናኝሽ» አለች። ስልኩ ተንኳኳ፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንደምን ነሽ ልጄ?»

ድምፁ የአባቴ ድምፅ ነው። ሻካራነቱ፣ የቃሉን መጨረሻ ወደ ታች የሚጥልበት ልማድ፣ ሁሉም የአባቴ ነው። አንቺ አለኝ እንጂ። በላህም አላለኝ።

«አባዬ? ምን ሆነሃል?»

«ጉሮሮዬን አሞኝ ነው። አንቺ ደህና ነሽ?»

የስልኩ ሳጥን ውስጥ እጀታውን ወደ ጆሮዬ አጥብቄ ያዝኩት። ሌላ ሰው ነው ብዬ ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም፤ ማን እንዲህ ያለ ነገር ያስባል? ያሰብኩት ሌላ ነው። ስለ መቆየት ማንሳቴ አስቆጥቶታል። ያ ልጅ ሳለሁ የማውቀው ቁጣ ነው። «ተቆጥተኸኝ ነው?» አልኩት። የራሴ ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ።

«አይ፣ ምን አድርገሽ?» አለኝ።

እንዲህ ሆኖ ከረመ። አንድ እሁድ ይገኛል፣ ሁለት እሁድ አይገኝም። ሲገኝ አንቺ ነው፣ ቃላቱም ጥቂት ናቸው። ማታ ማታ ከመጽሐፉ ቀና እልና ምን ብዬው ይሆን ብዬ የነገርኩትን ሁሉ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። አባቴ በሆነ ባልሆነው የሚያኮርፍ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ጨክኜ «ታዲያ ልምጣ ወይስ ልቆይ?» አልኩት። «እዚያው ብትቆዪ ይሻላል» አለኝ። ለእኔ የተሰማኝ «ዓይንሽን አልይ» ነው። በአንተ ቢለኝ ምርቃት ነበር፤ በአንቺ ሲለኝ ግን ማባረር ሆነብኝ። ካርዱ አልቆ ስልኩ ሲቋረጥ ሳጥኑ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

በዚያ ከተማ አንዲት ኢትዮጵያዊት ሴትዮ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው የእናቴ፣ ለብዙ ዓመት እዚያ የኖሩ። አልፎ አልፎ ምሳ ይጋብዙኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይጠሩኝ ጀመር። ሳህኔ ሳይጎድል ይጨምሩልኛል፣ እምቢ ብል ይቆጣሉ። ጥቁር ካፖርት ነበረኝ፤ አንድ ቀን ከበሩ ላይ ተቀብለው ሰቀሉትና፣ «ጥቁር አያምርብሽም ልጄ፤ ከለበሱት ሐዘን ይለምዳል» አሉኝ። የራሳቸውን ቀይ ሻርፕ አምጥተው አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። ደስ አለኝ። በዚያ ሁሉ ቅዝቃዜ መሀል የሚያስብልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ።

ዓመቱ አለቀ። ፕሮፌሰሩ «ምን ወሰንሽ?» አለኝ። እመለሳለሁ አልኩት። ያበድኩ መሰለው። እናቴ በስልክ «ምነው ትንሽ ብትቆዪ?» አለች። ሴትዮዋም ቆዪ አሉ። ሁሉም ቆዪ ሲለኝ እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አባቴ ፊት ቆሜ እስኪበርድለት መጠበቅና አንተ ሲለኝ መስማት። ከሕግ ዲግሪም፣ ከፈረንሳይም፣ ከሁሉም በላይ የጨነቀኝ እሱ ነው።

ቦሌ ወረድኩ። ቀዩን ሻርፕ አድርጌያለሁ። ከአጥሩ ውጭ ብዙ ዘመድ ቆሟል፤ ከእሁድ ልብስ ላይ እሁድ ልብስ የደረበ። አበባ የያዘው አጎቴ ነው፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ከግቢያችን ጓሮ ያለው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ የሚኖር። እናቴ ነጭ ለብሳ ጭንቅላቷን በሻሽ አጥብቃ አስራለች። እናቴ ሻሽ አስራ አታውቅም፤ ፀጉሯ ኩራቷ ነበር። አቅፋኝ ስትለቀኝ ዓይኗ ሻርፑ ላይ ወደቀና ፊቷን አዞረች።

«አባዬስ?»

«ትንሽ አሞት ተኝቷል» አሉኝ፣ ሁለት ሦስት ሆነው ባንድ አፍ።

ቤታችን እዚያው አፍንጫችን ሥር ነው። መኪናው ግን በራችንን አልፎ ሄደ። «ቤቱ ቀለም እየተቀባ ስለሆነ ዛሬ ገርጂ አክስትሽ ጋ ታድሪያለሽ» አለኝ አጎቴ። ወደ ኋላ ዞሬ በራችንን አየሁት። አባቴ ሊያየኝ አልፈለገም ማለት ነው አልኩ በልቤ። አክስቴ ቤት ዶሮ ቀረበ፤ ሁሉም እየሳቀ ይበላል፣ ያጎርሱኛል። የዚያ ዶሮ ሽታ ዛሬም ከየት እንደሚመጣ ሳላውቀው ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል።

ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ሰዎች ገቡ፤ ትናንት አበባ ይዘው የሳቁት ሰዎች ራሳቸው ናቸው፣ ዛሬ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። እናቴ ሻሿን ፈታችው። ጭንቅላቷ ተላጭቶ፣ ፀጉሩ እንደገና ማቆጥቆጥ ከጀመረ ቆይቷል። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ እንግዲህ ጠንከር በይ» ብለው ጀመሩ። ቃሉን ሳይጨርሱ ሴቶቹ ጩኸቱን ለቀቁት። እኔ አልጮህኩም። ወንበሩ ላይ የተሰቀለውን ቀይ ሻርፕ ነው የማየው። ሴትዮዋም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ምሳ ሲያበሉኝ ያውቁ ነበር። ለአባቴ በቀይ ሻርፕ ነው ያዘንኩለት።

«መቼ?» አልኩ። ጩኸቱ ቀጠለ። «መቼ ነው የሞተው?»

«ከገና በኋላ» አለ አጎቴ፣ መሬት መሬት እያየ። «ልቡ ነው። ብዙ አልታመመም።»

«ከገና በኋላ ማን ነው ያናገረኝ ታዲያ?»

ያኔ ነው ጩኸቱ የቆመው። የሁሉም ዓይን ወደ አጎቴ ዞረ። እሱም ጉሮሮውን ጠረገ። ያቺን መጥረግ አወቅኳት። ወደ ጓሮ ወጥቼ የማታውን ዶሮ በሙሉ አስመለስኩት።

ከዚያ የመጣው ማጽናኛ ከመርዶው የከፋ ነበር። «ለአንቺ ብለን ነው።» «ትምህርትሽ እንዳይበላሽ ብለን ነው።» «እያለቀስን ነበር የምናወራሽ።» ሁሉም ቅን ልቦና! ጥሩ ውጤት ያመጣሁበትን ቃል አፋቸው ውስጥ አላምጠው መልሰው ሰጡኝ። ያቺ ደግሞ «እንደሱ በያቸው» ያለችኝ ጎረቤት፣ ለእኔ መርዶ እንደገና በተተከለው ድንኳን ውስጥ ደረቷን እየደቃች፣ «ወይኔ፣ ወይኔ! አባትሽም ሞተ፣ አንቺም ተመለስሽ!» ብላ አለቀሰች። ሁለቱን ሐዘን ባንድ ዜማ ነው ያወጣቻቸው። የትኛው የበለጠ እንዳቃጠላት እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

እናቴን ለመጥላት ሞከርኩ፣ ያን የተላጨ ጭንቅላት እያየሁ አልሆነልኝም። ስለዚህ ጥላቻው በሙሉ ወደ አጎቴ ሄደ። ከዚያ በፊት ጋሼና አንቱ እያልኩ ነበር የማናግረው። ለወራት በስልክ አንተ ስለው መክረሜ ራሱ ያቃጥለኝ ነበር፤ አንተነቱ የአባቴ ነበር፣ ተቀብሎ ኪሱ ከቶታል። እንደገና አንቱ ማለት አንገሸገሸኝ። አንተ ማለት ደግሞ አሳዳጊን ማዋረድ ነው፤ አልደፈርኩም። መፍትሔ ያገኘሁት ሰውየውን የማይጠራ አማርኛ በመናገር ነው። «ምሳ ቀርቧል።» «በሩ አልተዘጋም።» «ስልክ ተደውሎ ነበር።» አንድ ግቢ እየኖርን እንዲህ ዓመታት አለፉ። እዚህ ጽሑፍ ላይ እስካሁን እሱ፣ እሱ እያልኩ የጻፍኩትም ከዚያ ቂም የተረፈ ነው።

የመጨረሻውን ዓመት ልማር ተመለስኩ። አንድ ቀን በወንጀል ሕግ ክፍለ ጊዜ እጄን አወጣሁ። «አንድ ሰው የሞተ ሰው መስሎ የሟቹን ልጅ በስልክ ቢያነጋግር ምን ወንጀል ይሆናል?»

መምህሩ መነጽሩን አስተካከለ። «ያነጋገረው ምን ጥቅም አገኘ?»

«ምንም።»

«ልጅየዋስ ምን አጣች?»

ደብተሬን ዘጋሁት። ይህን የሚተምን አንቀጽ በፈረንሳይኛውም በአማርኛውም አላየሁም።

«እንግዲያው ወንጀል ሳይሆን ቲያትር ነው» አለ መምህሩ። ክፍሉ ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ የበለጠ ሳቀ፤ ጉንጩን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ። ያን ዕለት ሕግ የሚባለውንም ነገር ተጸየፍኩት። ተመረቅኩ ግን። የምረቃው ፎቶ ላይ አጎቴ ከጥግ ቆሟል፤ እኔ ወደ ሌላ በኩል እያየሁ ነው።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። አየር ማረፊያውን ሊያስፋፉ እየቆፈሩ ስለነበር አቧራው በመስኮት ይገባል። አጎቴ ሻይ አፍልቶ አንዱን ብርጭቆ ፊቴ አስቀመጠና ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላ ጊዜ ያን ድምፅ ስሰማ ተነስቼ እወጣ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን አፌን ከፈተው።

«አባዬ የራሱ እናት መርዶ ሲደበቅበት እንዴት እንደተጸየፈ ይታወቃል» አልኩ፣ ሰውየውን ሳልጠራ። «ለእኔ ይህ እንዳይደረግ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ከመቃብሩ ሆኖ ይህን ቲያትር ቢያይ ምን ይል ነበር?»

አጎቴ ብርጭቆውን ከአፉ መለሰ። «እሱ ነው ያዘዘኝ» አለ።

ሳቅኩ። ክፉ ሳቅ ነበር።

«ሆስፒታል ተኝቶ እያለ» አለ። «ድምፅህ ድምፄ ነው፣ አንተ ታናግራታለህ አለኝ። እኔ ያኔ የእናታችንን ሞት ቢነግሩኝ ኖሮ ሥልጠናዬን ጥዬ እመጣ ነበር፣ እሷም ትመጣለች፣ እንዳታመጧት አለን። እምቢ አልኩት። እናትሽም እምቢ ብላ ነበር። አለቀሰ። ከዚያ አልጋው ላይ ሆኖ አስጠናኝ። እስቲ ተናገር ይለኛል፤ እናገራለሁ፤ ፈጠንክ፣ ቀስ በል ይለኛል።»

ብርጭቆውን ያዝኩት፤ ትኩስ መሆኑ አልተሰማኝም። ቡልቡላ ላይ የጨበጥኩት እጅ ትዝ አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ከተጸየፍኳቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አባቴ አልነበረም። ውሉን ያፈረሰው እሱ ራሱ ነበር። እናቱ ላይ የደረሰውን ሲነግረኝ የነበረው ፊቱ መጣብኝና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ፊት አስጠላኝ።

«ውሸት ነው» አልኩ። «አባዬ ቢያስጠና ኖሮ አንቺ አያሰኝም ነበር። አንቺ ሲለኝ የተቆጣ እንደሚመስለኝ ያውቃል።»

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። «እሱንማ ነው አጥብቆ የነገረኝ። አንተ በላት፣ በላህ ብለህ ጀምር፣ አለዚያ ትባንናለች አለኝ። ስንቴ አስደገመኝ። ሆስፒታሉ ውስጥ እሱ ፊት እለው ነበር። ስልኩን ሳነሳ ግን አፌ እምቢ አለኝ። ድምፁን ውሰድ ብሎ ሰጠኝ፣ ወሰድኩ። ይኼኛውን ግን...» እጁን አወናጨፈ። «የሱ ነው። እንዴት አድርጌ ልበለው? ነውር መሰለኝ።»

መስኮቱን እያየሁ ተቀመጥኩ። አንተ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ አባቴ የመረቀኝ መስሎኝ እዚያው እቀር ነበር። የመለሰችኝ ያቺ አንቺ ናት። በዚያ ሁሉ ውሸት ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ እውነት ነበረች፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም አስበልጬ የጠላሁት እሷን ነበር።

«ጋሼ» አልኩ። ከዚያች ጠዋት ወዲህ ብዬው አላውቅም። «እስቲ አሁን ይበሉኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። እንዳስጠናዎት።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከንፈራቸው ሲከፈት አየሁት። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ከዚያ ድምፅ ውስጥ ያቺ ቃል እስክትወጣ ጠበቅኩ።

«ሻይሽን ጠጪ» አሉኝ። «ይቀዘቅዛል።»